መስመሩ በጓዳዬ በኩል ይለፍ

ለወንድሜ፦

ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? በስልክ «ሁላችንም ደህና ነን» ስትለኝ አምኜ ዝም እላለሁ፤ ግን እዚህ ኔትወርኩ ከምትናገረው ግማሹን ስለሚበላብኝ ደህንነታችሁንም የሰማሁት ግማሹን ነው። እኔን ከጠየቅህ፣ ጉልበቴ ብርድ ሲያይ ከመነጫነጩ በቀር አለሁ። እንጅባራም እንደምታውቃት ናት። ጭጋጉ ጧት ይመጣና ደጅ ላይ እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ተነሣ የሚለው የለም። ድንች ዘንድሮ ጥሩ ነው። የጎረቤታችን የአያ ሽባባው ላም ወልዳለች፣ እሱም ወተቱን ሳይሆን ወሬውን እያደለን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው። የአባታችንን ቤት አፍርሰህ በቦታው ሱቅና ፎቅ ልትሠራ ንድፍ አሠርተሃል። እኔም እንደ አንተ ወራሽ ስለሆንሁ፣ ያለ እኔ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤቱ አይቀበልህም። በስልክ እፈቅዳለሁ ብዬህ ነበር፤ አሁንም ፎቁን አልጠላሁትም፣ ይሠራ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ቀጥ ብዬ የምቆምበት ክፍል። እሱን ሳላይ ፈቃዴን አልሰጥም። በስልክ እንዳልነግርህ ነገሩ ረጅም ነው፤ አንተም በመሀል «እሺ እታለም፣ እሺ እታለም» እያልህ ትቆርጠኛለህ። ወረቀት ግን አይቆረጥም፤ ስለዚህ ጻፍሁት።

ንድፉን ያመጣልኝ የአጎታችን ልጅ አወቀ ነው። አወቀን ታውቀዋለህ፤ የአንተን ጉዳይ እዚህ ከያዘ ወዲህ ደግሞ ሲራመድ ራሱ ባለ ፎቅ ሆኗል። ወረቀቱን የቀርከሃው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው፤ አልቀመጥ እያለ ሲጠቀለልበት ማዕዘኑን በድንች አስያዘው። ከዚያ በጣቱ እየሄደ፣ «ይኸ ሱቅ ነው፣ ይኸም ሱቅ ነው፣ ይኸኛው ወደ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ነው፣ ከደረጃው ሥር ከኋላ ያለው ደግሞ የአንቺ ክፍል ነው፤ እታለም፣ በስተርጅና ንግሥት ሆንሽ» አለኝ። እኔም ንግሥትነቴን ልይ ብዬ ጎንበስ አልሁ።

ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። በቤቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም መስመር ተሰምሯል፤ እየተቆረጠ የሚሄድ፣ በጫፍና በጫፉ ጥቁር ቀስት ያለበት። ከወዲህኛው ቀስት አጠገብ «ሀ» ተጽፏል። ከወዲያኛውም «ሀ»። ሀ፣ ሀ። የሚስቅብኝ መሰለኝ።

ማንበብ መቻሌ አይግረምህ። እናታችን ከሞተች በኋላ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ገባሁ፤ ማምሻውን ከልጅ ልጅ እኩያ መምህር ፊት ተቀምጬ ሀሁ ቆጠርሁ። ለአንተ አልነገርሁህም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም። ይህንንም የምጽፈው በራሴ እጅ ነው።

መስመሩን እንዳየሁት ደሜ ፈላ። እኛ አገር መስመር በመሬት ላይ ካለፈ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ድንበር ነው። አባታችንና አጎታችን የተካፈሉ ዕለት ገመድ ሲጣል ቆመህ አይተሃል፤ ከገመዱ ወዲያ የዋለው ኮሶ ዛፍ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኛ መሆኑ ቀረ። አሁንም የእኔ ክፍል ከመስመሩ ወዲያ ወድቋል፤ ሱቆቹ፣ ደጁና አስፋልቱ ሁሉ ከመስመሩ ወዲህ ናቸው። «ቤቱን ለሁለት ቆረጠው?» አልሁት አወቀን። «ኧረ እታለም፣ እሱ ሴክሽን ነው» አለኝ። «ሴክሽን ማን ነው? የማንስ ልጅ ነው? በአባቴ ቤት ምን አገባው?» ብል በሳቅ ወደቀ። ስቆ ሲጨርስ ሊያስረዳኝ ብሎ ጭራሽ አባሰው፤ «ቤቱ የሚቆረጥበት ቦታ ማለት ነው» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አወቀ ሳያሳምርልህ አይቀርም፤ እኔ እንደሆነው ልንገርህ። ድንቾቼን አነሣሁ፣ ወረቀቱ በራሱ ተጠቀለለ፣ በብብቴ ያዝሁትና በዝናቡ ወጣሁ። መጀመሪያ አያ ሽባባው ዘንድ ሄድሁ፤ አባታችን ሲካፈል ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው እሱ ስለሆነ። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ «እኔ የማውቀው ቆርጦ የሚሰጥ ዳኛ ነው፤ ቆርጦ የሚያሳይ ወረቀት አላውቅም። ከመካሰስሽ በፊት የሣለውን ሰው ጠይቂ» አለኝ። ካልተቆጣ የሚመክር ሰው ነውና ሰማሁት።

የሣለችው ልጅ ቢሮዋ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከፀጉር ቤቱ ጎን ነው። ፍቅርአዲስ ትባላለች፣ የዳንግላ ልጅ ናት። ውኃ እየተንጠፈጠፈብኝ በሩን በርግጄ ገባሁና፣ «የአባቴን ቤት የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?» አልኋት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን ከብብቴ አየት አድርጋ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ይቀመጡ እማማ፣ ዝናብ መትቶዎታል» አለችኝ። እንዲህ ያለችን ልጅ መውደድ አልፈልግም ነበር፤ ተቀመጥሁ።

መስመሩ ድንበር እንዳልሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ከላይ ሆነህ የምታየው ሥዕል ፕላን ይባላል፤ ክፍሉ የት እንደሆነ እንጂ ጣሪያው የት ላይ እንደሆነ አይነግርህም። የቤቱን ሆድ ለማየት በሐሳብ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀህ፣ ግማሹን ገለል አድርገህ፣ የቀረውን ፊት ለፊት ታየዋለህ። መስመሩ የተሰነጠቀበትን ቦታ ያመለክታል፤ ቀስቱ ወደ የት እንደምታይ ይነግርሃል። በእጇ አየሩን እየሰነጠቀች ስትደክም አየኋትና፣ «ነጋዴ ድንች ከመግዛቱ በፊት አንዱን ገምሶ ልቡን እንደሚያየው ነው?» ብላት ጠረጴዛውን መታ አድርጋ፣ «እሱ ነው! እሱን ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኞቼ ሁሉ እነግራለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እኔ ድንች ሻጭ ነኝ። ልቡ የጠቆረ ድንች እጄ ላይ ካለ በየት በኩል እንደምገምሰው አንተም አታጣውም። ወዲያው ጠየቅኋት፤ «ታዲያ በየት በኩል እንደሚገመስ የሚመርጠው ማነው?»

ልጅቷ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሯ አስጠግታልኝ ያንን መስመር እንዴት እንደምታዘው አሳየችኝ። መስመሩን በማውሱ ስትነካው በጫፎቹ ላይ ትንንሽ ነጥቦች ይወጡለታል፤ ነጥቡን ይዘህ ስትጎትት መስመሩ ይከተልሃል። እሱ ሲሄድ በሌላው በኩል ያለው የተሰነጠቀው ሥዕል ማንም ሳይነካው ራሱን ይለውጣል፤ ግድግዳው ይሄዳል፣ በር ይመጣል። ቀስቱን ስትጫነው ዞሮ ወደ ኋላው ያያል። ከመስመሩ ፊት ደግሞ ነጠብጣብ ያለው ሣጥን አለ፤ ዓይኑ እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ነው። ከሣጥኑ ውጭ የቀረ ነገር ቤቱ ውስጥ ቢኖርም ሥዕሉ ላይ የለም። «መስመሩን ራሱንም ከወረቀቱ ላይ እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል» ስትለኝ፣ «ቆርጦ ቢላውን መደበቅ ማለት ነው» አልኋት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እስከዚያ ድረስ የሚያሳዝን ነገር አላየሁም ነበር።

የእኛ ቤት መስመር የሚያልፈው በሱቆቹ መሀል ነው። ቀስቱ ወደ አስፋልቱ ያያል፤ ጀርባውን የሰጠው ለእኔ ክፍል ነው። ሥዕሉ ላይ ሱቆቹ አምረዋል፤ መስታወት፣ መደርደሪያ፣ መብራት ሳይቀር አለ። እኔ ግን የለሁም። «በእኔ ጓዳ በኩል አሳልፊው» አልኋት። እጇ ማውሱ ላይ ቆመ።

«በመጀመሪያ በዚያ በኩል ነበር ያሳለፍሁት» አለችኝ። «ጣሪያው ዝቅ ማለቱን አይቼ ለአቶ አወቀ ነገርኋቸው። ስልካቸውን ሰጡኝና ስልኩ ላይ ያሉት ሰው አነጋገሩኝ። ‹ሱቆቹን ብቻ ያሳይ፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው፤ ጓዳን ደግሞ ፀሐይም አይየው› አሉኝ። አነጋገራቸው አሳቀኝና መስመሩን ወደ ሱቁ ጎተትሁት።»

ዕቃው ከፊቷ ተቀምጦ ልብሱ እየተንጠፈጠፈ ነበር።

«ጓዳን ፀሐይም አይየው።» ወንድሜ፣ ይህ የእናታችን ቃል ነው። እሷ የምትለው በአዊኛ ነበር፤ እኔና አንተ ወደ አማርኛ አዙረነው ስንቀልድበት አደግን። ከግምጃ ቤት ገበያ እስከ ጥሊሊ ገበያ ስዞር ኖሬ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ስልኩ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ ልጅቷን አልጠየቅኋትም። «አወቀ ራሱ ያስባለው ይሆናል፣ ጨዋታ ይወዳል» አልኋት። አንተም ያስባለው አወቀ ነው ብትለኝ አልከራከርህም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ልጅቷ መስመሩን ልትጎትት ስትል እኔ ራሴ እጇን ያዝኋት። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ መሐንዲሱ፣ ግንበኛው ሁሉ ጓዳዬን ሊያይ ነው ብዬ አፈርሁ። ነውር ነው ተብለን ያደግንበት ነገር እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ከዚያ ግን ያን ቃል እናታችን መቼ መቼ እንደምትለው አስታወስሁ። እንግዳ ሲመጣ ነው፣ ጎታው ባዶ ሲሆን። መጋረጃውን ጎተት ታደርግና ትለዋለች፤ ከዚያ እኔን ወደ ጎረቤት ትልከኛለች። ባዶ ጎታ ነበር የምትሸፍነው። ሰው ሸፍና አታውቅም። የልጅቷን እጅ ለቀቅሁትና፣ «ጎትቺው፤ ፀሐይም ይየው፣ ማዘጋጃ ቤትም ይየው» አልኋት።

ጎተተችው።

ክፍሌ ወጣ። ደረጃው በላዩ ላይ ተኝቶበታል። ከበሩ ጋ እንደ ሰው ቤት ይጀምርና፣ ጣሪያው ወደ ውስጥ እያዘቀዘቀ ሄዶ አልጋው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ወለሉን ሊነካ ይደርሳል። መስኮት የለውም። ልጅቷ፣ «ሰው ላስገባበት?» ብላ ጠየቀችኝ። የከፍታ መለኪያ የሚሆን የሰው ሥዕል አላቸው። አንዲት ሴት አስገባች፤ ቀሚስ የለበሰች፣ እንደ እኔ ያልጎበጠች። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ስታስገባት ራሷ በሶሌታው፣ በደረጃው ሲሚንቶ ውስጥ ገባ፤ ከአንገቷ በላይ ያለው በደረጃው በኩል ወጣ። ተከራዮችህ ወደ ፎቅ የሚወጡት እሱን እየረገጡ ነው።

እንደዚያ ሆኜ ስንት ዓመት እንደኖርሁ ልቆጥርብህ አልፈልግም። ግን ሳልቆጥር ዝም ካልሁ አልቆጠረችም ትላለህ። ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር በጭነት መኪና ላይ ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተቀምጬ ስንቅህን የማደርስልህ እኔ ነበርሁ። የትምህርት ቤትህን አጥር እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም፤ ዘበኛው ድፎውን ከእጄ ተቀብሎ ይመልሰኝ ነበር። እናታችን ስትታመም ያገላበጥኋት እኔ ነኝ፤ ስትቀበር በጥቁር ኮት ደምቀህ የቆምኸው አንተ ነህ፤ አገሩም ሁሉ «ልጇ እንዴት ያለ ሰው ሆኖላታል» አለ። ያን ዕለት ወጥ ቤት ነበርሁና ማንም አላየኝም። አልቀየምሁም ብልህ ውሸቴን ነው። ተቀይሜአለሁ፤ ግን ቅያሜ ይዤ ቤት ልከለክልህ አልመጣሁም። እኔ የምከለክለው ያንን ክፍል ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው ልሂድ፤ አንተ ነገር ሲረዝም አትወድም። ፍቅርአዲስን፣ «ይህ እንዴት ይስተካከላል?» አልኋት። ቀኑን ሙሉ ይጠይቁኝ ስትል የነበረች ይመስል ፊቷ በራ። ደረጃው ዞሮ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢወጣ፣ ዝቅተኛው ጎኑ የመጨረሻው ሱቅ ጀርባ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ የሚገባው እውነትም ዕቃ ነው፣ ሸቀጥ ወገብ የለውም። ከፍተኛው ጎን የእኔ ይሆናል። ለእኔም በጎን በኩል ወደ ግቢው የሚያይ መስኮት ይወጣልኛል። ያ ሱቅ ጥቂት ይጠባል። እሱን አልክድህም፤ ይጠባል።

ሣለችውና አሳየችኝ። ሴትዮዋን አስገባቻት፤ ሴትዮዋ ቆመች። ወደ አልጋው ወሰደቻት፣ እዚያም ቆመች። «እስኪ መስኮቱ ጋ» አልኋት፤ እዚያም። ራሷ በቦታው ነበር።

የቀረው መስመሩ ነው። ቀጥ ብሎ በሱቆቹ ካለፈ የእኔ ክፍል አይታይም፤ በእኔ ክፍል ካለፈ ሱቆችህ አይታዩም፣ አንተም ትቆጣለህ። ልጅቷ መስመሩን መሀሉ ላይ ያዘችና አጠፈችው። ከሱቆቹ በኩል ይገባል፣ ደረጃው አጠገብ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል፣ ከዚያ በክፍሌ አቋርጦ ይወጣል። «እንዲህ ማጠፍ ይፈቀዳል?» አልኋት ሠግቼ። «መታየት ያለበት ነገር ቀጥታው ላይ ካልዋለ ማጠፍ ነው እማማ፤ ለዚሁ ነው የተሠራው» አለችኝ። ቀስቱንም ወደ እኔ አዞረችው። አሁን አንድ ሥዕል ላይ ሁለታችንም አለን፤ ከፊት መደርደሪያህ፣ ከኋላ አልጋዬ። ሳየው አላፈርሁም። አያ ሽባባው ደግሞ አትማ የሰጠችኝን ወረቀት ስወስድለት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይኸ ጠማማ መስመር ከዚያ ከቀናው ይሻላል» አለ። ካልተቆጣ የሚመክር ሰው ነው ብዬህ የለ።

ሁለቱም ንድፎች ፍቅርአዲስ ዘንድ አሉ። ቀጥታው መስመር ያለበትን አልነካሁትም፤ የአንተ ነው። ለእሱ የሚሆን ፈቃድ ግን ከእኔ ዘንድ የለም፤ ሽማግሌም ብትልክ፣ አወቀንም በጠበቃ ቋንቋ አስጠንተህ ብትልክ ያው ነው። የታጠፈው መስመር ያለበትን «ይሁን» ካልህ፣ ልጅቷ ዘንድ ደውልና በራስህ ድምፅ ንገራት። በአወቀ ስልክ አይደለም፣ በራስህ። እኔም ያን ዕለት ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ፤ ከገበያ ቀን ጋር ቢጋጭ እንኳ ድንቹን ትቼ እሄዳለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። አወቀ የፈቃዱን ወረቀት ያመጣ ዕለት፣ ከኪሱ ክብ የጣት ቀለም አውጥቶ ከፊቴ አስቀምጦ ነበር። «ወንድምሽ ነው ከአዲስ አበባ የላከው፣ እንዳትቸገሪ ብሎ፤ አውራ ጣትሽን ጫን ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። ስላሰብህልኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ከደብዳቤው ግርጌም ስሜንና ፊርማዬን የማታየው ረስቼ አይደለም። አንድ ፊርማ ነው ያለኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘሁት ነውና የት እንደማኖረው መርጫለሁ።

አምላክ ወገብህን ያጽናልህ፣ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። የምትሠራው ቤት የሚኖርበትን ሰው የማያስጎነብስ ይሁንልህ። ስትመጣ ብርድ ልብስ አትያዝ፤ እኔ አለኝ።

ታላቅ እህትህ